ማይተር ሶው፦ ያልተንቀሳቀሰ እንጨት ልኩን አይስትም፣ እጅም አይጎዳም

ስለ ማይተር ሶው፣ ማለትም ክብ ዲስኩ በክንድ ወደ ታች እየወረደ እንጨትን በተፈለገው ማዕዘን ስለሚቆርጠው የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ የሚሰጡ ምክሮች አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ተከፍለው ነው የሚቀርቡት፤ አንዱ ስለ ጥንቃቄ፣ ሌላው ስለ ልክ። ማሽኑ ፊት ሲቆሙ ግን ሁለቱ አይነጣጠሉም። ዲስኩ እንጨት ውስጥ እያለ እንጨቱ ከተነቃነቀ፣ ዕድል ከቀና ማዕዘኑ ይዛነፋል፤ ካልቀና እንጨቱ እጅን ይዞ ወደ ዲስኩ ይሄዳል። መንስኤው ያው ነው፣ የሚለያየው ጉዳቱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ ከመጀመሪያው ጥርስ እስከ መጨረሻው ድረስ እንጨቱን ንቅንቅ እንዳይል አድርገን እንዴት እንይዘዋለን?

መጀመሪያ የዲስኩን አዟዟር እወቁ

መጋዙን ከሶኬት ንቀሉና ዲስኩ ላይ የተሳለውን ቀስት እዩ። በእናንተ በኩል ያለው የዲስኩ ጠርዝ ወደ ታች ይወርዳል። ታች ሲደርስ ከእናንተ ርቆ ወደ ጀርባ መደገፊያው፣ ማለትም እንጨቱ በኋላ በኩል ወደሚደገፍበት ቀጥ ያለ ግድግዳ፣ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ በኩል ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ዲስኩ ስለዚህ እንጨቱን በራሱ ጉልበት ወደ ታች ጠረጴዛው ላይ፣ ወደ ኋላም መደገፊያው ላይ ይጫነዋል። እንጨቱ ሁለቱንም ነክቶ ከተቀመጠ ማሽኑ ራሱ በመያዝ ያግዛችኋል። በእንጨቱና በመደገፊያው መካከል ሦስት ሚሊ ክፍተት ካለ ግን ዲስኩ ያንን ክፍተት በቅጽበት ይዘጋዋል። እንጨቱ ይመታል፣ የያዘው እጅም አብሮት ይሄዳል።

ፍጥነቱ ምን ያህል እንደሆነ ማስላት ይቻላል። 254 ሚሊ ስፋት ያለው ዲስክ በደቂቃ 5,000 ዙር ሲሽከረከር የጥርሱ ጫፍ በሰከንድ 66 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሰዓት ወደ 240 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ዲስኩ 60 ጥርስ ካለው በአንድ ሰከንድ ውስጥ 5,000 ጥርስ ያልፋል። አደጋውን አይቶ እጅን ለማሸሽ የሚበቃ ጊዜ የለም። ጥንቃቄ የሚባለው ነገር ሁሉ ማስነሻው ከመጫኑ በፊት ያለቀ መሆን አለበት።

እንጨቱ ምን ላይ ተቀምጧል?

ከመቁረጣችሁ በፊት ጠረጴዛውንና መደገፊያውን በብሩሽ ጥረጉ፤ በየቁርጡ መካከልም እንዲሁ። ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ግማሽ ሚሊ የምታህል ስንጣሪ ከዲስኩ 10 ሴንቲ ርቃ በእንጨቱና በመደገፊያው መካከል ከገባች እንጨቱን ወደ 0.3 ዲግሪ ታዛንፈዋለች። መጋዙ ፍጹም ተስተካክሎ ሳለ ቁርጡ ጠማማ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በዚህች ስንጣሪ ነው። በሰጋቱራ የተሸፈነ ጠረጴዛ እንጨቱን ያንሸራትታል፤ ይህ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ጉዳይ ይመልሰናል።

የጎበጠ ጣውላ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነገር ነው። ጣውላውን በጠባቡ በኩል አይታችሁ ወዴት እንደጎበጠ ለዩ። ያበጠው፣ ማለትም ወደ ውጭ የወጣው ጎኑ መደገፊያውን ይንካ፤ ንክኪውም ልክ ዲስኩ በሚያልፍበት መስመር ላይ ይሁን። ተገላቢጦሽ ካስቀመጣችሁት ሁለቱ ጫፎች መደገፊያውን ነክተው መሃሉ አየር ላይ ይቀራል። ዲስኩ መሃሉን ወደ ኋላ ሲገፋው ጣውላው ይቃናል፣ የተከፈተው ቁርጥ ከፊት በኩል ይዘጋል፣ ዲስኩም ይጨበጣል። ማሽኑ የሚንገጫገጨው፣ እንጨቱ የሚዘለው ያን ጊዜ ነው። ጉብጠቱ በጠፍጣፋው በኩል ከሆነም ደንቡ ያው ነው፤ ከዲስኩ መስመር ሥር ጠረጴዛውን የማይነካ እንጨት አይቆረጥም። በሁለቱም አቅጣጫ የተጠማዘዘ ጣውላ ከገጠማችሁ መጀመሪያ በመላጊያ አንድ ፊቱን አቃኑት፣ ወይም ለሌላ ሥራ አስቀምጡት። በዚህ ጉዳይ ላይ ድርድር የለኝም።

ክብ እንጨት፣ ለምሳሌ የመጥረጊያ እጀታ ወይም የመጋረጃ ዘንግ፣ ጠረጴዛው ላይ በእጅ ብቻ ተይዞ ሲቆረጥ ይሽከረከራል። መሃሉ በሁለት ዘንባላ ፊቶች እንደ ሸለቆ የተቆረጠ መደላድል ሠርታችሁ እሱ ውስጥ አስቀምጡትና በሞርሳ እሰሩት።

ረጅም እንጨት ከጠረጴዛው ውጭ ሲንጠለጠል በራሱ ክብደት ይዘምማል። ጫፉ ወደ ታች ሲወርድ ቁርጡ አካባቢ ያለው ክፍል ከጠረጴዛው ይነሳል፣ ጫፉም ከቀጥታ ወደ ተንጋደደ ይሄዳል። ከጠረጴዛው ጋር እኩል ከፍታ ያለው ድጋፍ በሁለቱም ወገን አድርጉ። ከፍታውን ለማረጋገጥ ቀጥ ያለ ረጅም ጣውላ በጠረጴዛውና በድጋፉ ላይ አጋድማችሁ ከሥሩ ብርሃን ይታይ እንደሆነ ተመልከቱ። «አንተ ያዝልኝ» ብሎ ሰው በድጋፍ ቦታ ማቆም መጥፎ ልማድ ነው። ሰው ሳያውቀው ጥቂት ያነሳል ወይም ይስባል። በቁርጡ ማብቂያ ላይ ደግሞ ሳያስበው ይጎትታል።

አንድ ወገን ይያዛል፣ ሌላው ነፃ ይሁን

እጅ ከዲስኩ መንገድ በየትኛውም በኩል ቢያንስ 15 ሴንቲ ይራቅ። ብዙ ማሽኖች ጠረጴዛቸው ላይ ይህን ወሰን በቀይ ወይም በቢጫ መስመር ያሳያሉ። የእናንተ ካላሳየ በቀለም ራሳችሁ ሥሩ። ጠረጴዛው ወደ 45 ዲግሪ ሲዞር ወይም ዲስኩ ወደ ጎን ሲጋደም የዲስኩ መንገድ ይቀየራል፤ በቀጥታ ቁርጥ ጊዜ ደህና የነበረው የእጅ ቦታ አሁን መንገዱ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማዕዘን በቀየራችሁ ቁጥር መጋዙ ጠፍቶ እያለ ክንዱን እስከ ታች አውርዱና ዲስኩ የት የት እንደሚያልፍ በዓይናችሁ ተከተሉ። በዚያው መደገፊያውን ወይም ሞርሳውን እንደማይነካም ታያላችሁ። ሲጋደም መደገፊያውን የሚቆርጥ መጋዝ ብዙ ነው፤ ለዚህ ሲባል የመደገፊያው ላይኛ ክፍል ወደ ጎን እንዲንሸራተት ተደርጎ ይሠራል።

እጅ ለእጅ አታጣምሩ። ቀኝ እጅ ማስነሻውን ይዞ ግራው ከዲስኩ በስተቀኝ ያለውን እንጨት ለመያዝ ክንድ በዲስኩ ፊት ሲሻገር ማየት ያስደነግጣል። እንጨቱ በቀኝ ወገን መያዝ ካለበት ወይ ሞርሳ እሰሩ፣ ወይ ማስነሻውን በግራ እጅ ያዙ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ላይ ደርሰናል። የሚያዘው የእንጨቱ አንድ ወገን ብቻ ነው። ሌላው፣ ተቆርጦ የሚወድቀው ክፍል፣ ወደ ጎን ትንሽ ፈቀቅ ለማለት ነፃ መሆን አለበት። ሁለቱንም ወገን አጥብቃችሁ ብትይዙ በቁርጡ መጨረሻ ሁለቱ ቁራጮች ወደ ዲስኩ ሊጠጉና ሊጨብጡት ይችላሉ። ተቆርጦ የሚወድቀው ቁራጭ ጫፉ ማቆሚያ (ርዝመት ለመወሰን የሚታሰር መግቻ) ነክቶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አንድ ወገኑ ማቆሚያ፣ ሌላው የሚሽከረከር ዲስክ፤ መሄጃ የለውም። በጥቂቱ ዞር ሲል በዲስኩና በማቆሚያው መካከል ይሰነቀራል፣ ከዚያም እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወረወራል። ተመሳሳይ ርዝመት ያላቸውን ብዙ ቁራጮች በማቆሚያ ስትቆርጡ እጅ ወይም ሞርሳ ማረፍ ያለበት ማቆሚያውን በነካው ወገን ላይ ነው፤ የቀረው ረጅም ጣውላ ድጋፍ ላይ ተኝቶ ነፃ ይሁን። ቁራጩ አጭር ሆኖ እጅ ከ15 ሴንቲው ወሰን ውጭ ሆኖ ሊይዘው ካልቻለ መፍትሔው ሞርሳ ነው። ወይም ደግሞ በማጠፊያ የሚነሳ ማቆሚያ ሥሩ፤ ለክታችሁ ጣውላውን ካሰራችሁ በኋላ ማቆሚያውን ወደ ላይ አንስታችሁ ትቆርጣላችሁ።

በጣም ትንሽ ቁራጭ፣ ለምሳሌ የዞኮሎ (የግድግዳ ግርጌ ጣውላ) ማእዘን መዝጊያ የምትሆን ሦስት ሴንቲ ቁራጭ፣ ስትፈልጉ ከትንሽ እንጨት ላይ ለመቁረጥ አትሞክሩ። ከረጅሙ ጣውላ ጫፍ ቁረጧት፤ ረጅሙ ይያዛል፣ ትንሿ ነፃ ትወድቃለች።

ቁርጡ ራሱ

ክንዱ ወደ ላይ እንደተነሳ ማስነሻውን ጫኑ፣ ዲስኩ ሙሉ ፍጥነቱን እስኪያገኝ አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ጠብቁ፤ ድምፁ ከማደግ ወደ አንድ ወጥ ቃና ሲለወጥ ትሰሙታላችሁ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ጥርሱ እንጨቱን የሚነካበት የመጀመሪያው ቅጽበት ከሁሉ ቀስ ያለ ይሁን፤ ዲስኩ መንገዱን የሚመርጠው ያን ጊዜ ነው። ጥርሱ ጉጥ ላይ ወይም በዘንባላ ፊት ላይ በኃይል ካረፈ ቀጭኑ ዲስክ ወደ ጎን ይታጠፋል። የቁርጡ መጀመሪያ አንድ ማዕዘን፣ መጨረሻው ሌላ ማዕዘን ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሞተሩ ድምፅ ይምራችሁ። ቃናው ከወረደ እየቸኮላችሁ ነው።

ታች ስትደርሱ ማስነሻውን ልቀቁ፤ ክንዱን ግን እዚያው ታች ያዙት። ዲስኩ ፈጽሞ ሲቆም ብቻ ወደ ላይ አንሱ። እየተሽከረከረ ብታነሱት ወደ ላይ የሚወጣው የኋላው ጥርስ ጎኑ ላይ የወደቀችውን ትንሽ ቁራጭ ሊያነሳ ይችላል፤ የተቆረጠውንም ፊት ዳግም ይፍቀዋል። ፊቱ ላይ የምታዩት ቅስት የጭረት መስመር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፍሬን ያለው ማሽን በጥቂት ሰከንዶች ይቆማል፤ ፍሬን የሌለው ጠበቅ ያለ ትዕግሥት ይፈልጋል።

የሚንሸራተት ክንድ ያለው መጋዝ የራሱ ሥርዓት አለው። ጠፍቶ እያለ ክንዱን ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ አስነሱ፣ ወደ ታች አውርዱ፣ ከዚያም ወደ መደገፊያው ግፉ። ወደ ራስ እየሳቡ መቁረጥ ክልክል ነው፤ የጥርሱ አካሄድ ከእንቅስቃሴው ጋር ስለሚጋጭ ዲስኩ መቁረጡን ትቶ በእንጨቱ ላይ ለመውጣት ይሞክራል፣ ክንዱም ወደ እናንተ ይወረወራል። ጣውላው ጠባብ ሆኖ ወደ ታች በመጫን ብቻ የሚቆረጥ ከሆነ ማንሸራተቻውን ቆልፉት፤ ነፃ የሆነ መገጣጠሚያ ባነሰ ቁጥር ቁርጡ ይቃናል።

ዲስኩ ከተያዘ ክንዱን በጉልበት አታንሱ። ማስነሻውን ልቀቁ፣ እስኪቆም ጠብቁ፣ ከሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያ እንጨቱን አላቁ።

ጓንት አታድርጉ። እጅን ከስንጥር ያድናል ተብሎ የሚደረገው ጓንት ክሩ በጥርስ ከተያዘ ጣትን ይዞ ይገባል። ሰፊ እጅጌ፣ ክርና ቀለበትም እንዲሁ። የዲስኩን ተንቀሳቃሽ ሽፋን በሽቦ አስሮ ክፍት መተው ደግሞ ማሽኑ ያለውን ዋና መከላከያ ማጥፋት ነው፤ ሽፋኑ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ሰጋቱራውን አጽዱ፣ ስፕሪንጉን አስተካክሉ። መነጽር ሁልጊዜ ይደረግ። ለጆሮ ደግሞ የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም ናዮሽ ያስቀመጠው መጠን ይህ ነው፦ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት፤ ከዚያ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የዚህ ዓይነት መጋዝ ድምፅ ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። ብናኙም ቀላል አይደለም። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ፣ በመጀመሪያው ምድብ አስቀምጦታል። ማይተር ሶው ላይ የሚገጠም ከረጢት የሚይዘው ከፊሉን ብቻ ስለሆነ የብናኝ ጭንብል አድርጉ፤ በተለይ ኤም ዲ ኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ስትቆርጡ።

መጋዙ እውነት ቀጥ ብሎ ይቆርጣል?

የማሽኑን ዲግሪ ማሳያ አትመኑት። ፋብሪካ ውስጥ የተስተካከለ ቢሆን እንኳ በጭነት ይናጋል። ፍተሻው ግን ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። ወደ 100 ሚሊ ስፋት ያለው፣ ጠርዞቹ ቀጥ ያሉና ትይዩ የሆኑ ጣውላ ወስዳችሁ በዜሮ ዲግሪ መሃሉን ቁረጡ። ሁለቱን ቁራጮች ቀጥ ባለ ነገር ላይ ተደግፈው ጫፍ ለጫፍ እንዲነካኩ አድርጉ። አሁን አንደኛውን ብቻ ገልብጡት፤ ላይኛው ፊቱ ወደ ታች ይሁን፣ የተቆረጠው ጫፍ ግን አሁንም ከሌላው ጋር ይገናኝ። መጋዙ ልክ ከሆነ ሁለቱ ጫፎች ያለ ክፍተት ይገጥማሉ። ካልሆነ የሚታየው ክፍተት የስህተቱ እጥፍ ነው። የዚህ ዘዴ ውበቱም እዚህ ላይ ነው፤ ስኳድራ (የቀኝ ማዕዘን መለኪያ) የማያሳየውን ትንሽ ስህተት ዓይን እንዲያየው አድርጎ ያጎላዋል። ግማሽ ዲግሪ ስህተት በ100 ሚሊ ጣውላ ላይ 0.87 ሚሊ ነው፤ ሲገለበጥ 1.75 ሚሊ ክፍተት ይሆናል፤ ይህ የማንም ዓይን አያመልጠውም።

የዲስኩን መጋደም ለመፈተሽ ደግሞ ወፍራም ሞራሌ ቁረጡና አንዱን ቁራጭ በዘንጉ ዙሪያ ገልብጣችሁ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ጫፍ ለጫፍ አጋጥሙ። ክፍተቱ ከላይ ወይም ከታች ከተከፈተ ዲስኩ ለጠረጴዛው ቀጥ ብሎ አልቆመም።

ማስተካከያው በየማሽኑ ይለያያል። በአንዳንዱ መደገፊያውን የያዙት ብሎኖች ይላላሉ፣ በሌላው ዲግሪ ማሳያው ራሱ በብሎን ይንቀሳቀሳል። ስኳድራውን ስታስጠጉ ግን የዲስኩን ሰውነት እንጂ ጥርሱን አታስነኩት፤ ጥርሱ ከሰውነቱ ይሰፋል፣ ስኳድራውንም ያዛንፈዋል። በጥርሶቹ መካከል ባለው ክፍተት አስገቡት። ብሎኑን ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ቁረጡና ፈትሹ፤ ማጥበቁ ራሱ ቦታውን ጥቂት ይገፋዋልና።

ክፈፍ ስትሠሩ ትንሽ ስህተት ትከማቻለች። አራት ማዕዘን ክፈፍ ስምንት ቁርጥ አለው። እያንዳንዱ ሩብ ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት፣ ስህተቱም ወደ አንድ ወገን ከሆነ፣ የመጨረሻው ማዕዘን ላይ ሁለት ዲግሪ ተደምሮ ይመጣል። በ50 ሚሊ ስፋት ባለው እንጨት ይህ ወደ 2.5 ሚሊ የሚጠጋ ክፍተት ነው፤ ሦስቱ ማዕዘኖች ሲገጥሙ አራተኛው አፉን ይከፍታል። ያን ጊዜ ሞርሳ አጥብቆ በኮላ መድፈን አያዋጣም፤ መገጣጠሚያው እንደተወጠረ ስለሚቆይ ውሎ አድሮ ይለቃል። ማዕዘኑም ፍጹም ሆኖ ርዝመቱ ካልተካከለ ክፈፉ አይዘጋም። ስለዚህ ትይዩ የሆኑትን ሁለት ጎኖች ሁልጊዜ በአንድ ማቆሚያ፣ ሳትነካኩት ቁረጡ። የማቆሚያውን የታችኛውን ጠርዝ ጥቂት ሸርፉለት፤ ሰጋቱራው እዚያ ውስጥ ይገባና እንጨቱ ማቆሚያውን በትክክል ይነካል።

ጎኖቹ ከአራት ሲበዙ ማዕዘኑን ለማግኘት 360ን ለጎኖቹ ብዛት አካፍላችሁ እንደገና ለሁለት ክፈሉ። ባለ ስድስት ጎን 30፣ ባለ ስምንት ጎን 22.5፣ ባለ አምስት ጎን 36 ዲግሪ ይሆናል። የክፍል ግድግዳዎች ግን ብዙ ጊዜ ልክ 90 አይደሉም፤ ዞኮሎ ወይም የኮርኒስ ጌጥ ከመቁረጣችሁ በፊት ማዕዘኑን በመለኪያ ለክታችሁ ከ180 ቀንሱና የቀረውን ለሁለት ክፈሉት። 91 ዲግሪ ማዕዘን ሁለት 44.5 ይፈልጋል። ማሽኑ 45 ላይ ገብቶ የሚቆለፍበት ጎድጓዳ ስላለው 44.5 ላይ ለማቆም አስቸጋሪ ይሆናል፣ ወደ ጎድጓዳው ይመለሳል። ያን ጊዜ ጠረጴዛውን 45 ላይ ተዉትና በእንጨቱና በመደገፊያው መካከል፣ ከዲስኩ ራቅ ብሎ፣ ቀጭን ካርቶን አስገቡ። ግማሽ ዲግሪ ከዲስኩ 20 ሴንቲ ርቀት ላይ 1.75 ሚሊ ውፍረት ነው። ተራ የጽሕፈት ወረቀት 0.1 ሚሊ ያህል ስለሆነ በወረቀት ብዛት ከዚያም ያነሰ ማስተካከያ ማድረግ ይቻላል። ካርቶን ስታስገቡ እንጨቱ በዲስኩ አጠገብ መደገፊያውን መንካቱን አረጋግጡ፣ በሞርሳም እሰሩት።

ፀጉር የምታህል ማስተካከያ

እንጨቱ ግማሽ ሚሊ ረዝሞ ቀረ እንበል። በላፒስ ምልክት አድርጎ ግማሽ ሚሊ መቁረጥ አይቻልም። ይህን አድርጉ፦ መጋዙ ጠፍቶ፣ ዲስኩ ቆሞ እያለ ክንዱን አውርዱ። የእንጨቱን ጫፍ ወደ ዲስኩ ሰውነት በቀስታ አስጠጉት፣ ነክቶ ይቁም፤ ጥርስ ላይ ሳይሆን ሰውነቱ ላይ። እንጨቱን እሰሩ፣ ክንዱን ወደ ላይ መልሱ፣ አስነሱ፣ ቁረጡ። ጥርሱ ከሰውነቱ በእያንዳንዱ ጎን ትንሽ ስለሚወጣ የሚላጠው ያችው ትርፍ ብቻ ናት። የቁርጡ ስፋት 2.6 ሚሊ፣ የሰውነቱ ውፍረት 1.8 ሚሊ ከሆነ ልዩነቱ 0.8 ነው፤ ለሁለት ሲካፈል 0.4 ሚሊ። ከዚህ የሚበልጥ ከፈለጋችሁ ሁለቴ ድገሙት። የእናንተ ዲስክ ስንት እንደሚልጥ ለማወቅ ዲስኩ ላይ የተጻፉትን ሁለቱን ቁጥሮች ፈልጉ። ይህች ዘዴ በቁርጥ ሥራ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይልቅ ጊዜ ታተርፋለች ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ምልክቱ ራሱ ቀጭን ይሁን። ደንዳና ላፒስ አንድ ሚሊ መስመር ይተዋል፤ ስለታም ቢላ በስኳድራ ተደግፎ የሚተወው ጭረት ግን ስፋት የለውም ማለት ይቻላል። ዲስኩም የራሱ ስፋት እንዳለው አትርሱ፤ ሁልጊዜ በሚጣለው ወገን ላይ ይረፍ። ጣውላውን በሙሉ አስቀድማችሁ ለክታችሁ ሁሉንም ምልክት አድርጋችሁ ብትቆርጡ እያንዳንዱ ቁራጭ በዲስኩ ስፋት ያህል ያንሳል፤ አንዱን ቆርጣችሁ ከዚያ ቀጣዩን ለኩ።

ጠርዙ የሚበጣጠሰው ለምንድን ነው?

ጥርስ ከእንጨት የሚወጣበት ቦታ ላይ የእንጨቱን ክር የሚደግፍ ነገር ከሌለ ክሩ ይበጠሳል። ወደ ታች በመጫን በሚቆረጥ ቁርጥ ይህ የሚሆነው ከሥርና ከመደገፊያው ጋር በተነካካው ጀርባ ነው፤ ስለዚህ የሚታየው ፊት ወደ ላይና ወደ እናንተ ይሁን። በሚንሸራተት ክንድ እየገፋችሁ ሰፊ ጣውላ ስትቆርጡ ግን እንጨቱን ቀድሞ የሚበላው ወደ ላይ የሚወጣው የዲስኩ ጎን ነው፤ ላይኛው ፊት ሊበጣጠስ ይችላል። ለዚህ በተለይ ፕላይውድና ሽፋን ያለው ቺፕውድ ሲሆን የቀለም ቀቢ የወረቀት ፕላስተር በመስመሩ ላይ ለጥፋችሁ ቁረጡ፣ መልካሙንም ፊት ወደ ታች አድርጋችሁ በቁራጭ ላይ ሞክሩ።

ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ ክፍተቱን መዝጋት ነው። ማሽኑ ጠረጴዛው መሃል ላይና በመደገፊያው መካከል ያለው ክፍተት ዲስኩ ተጋድሞ እንዲያልፍ ስለሚሰፋ ለቀጥታ ቁርጥ ከሚያስፈልገው በጣም ይበልጣል። 18 ሚሊ ኤም ዲ ኤፍ ከመደገፊያው ጋር እኩል ርዝመት ቁረጡና ፋብሪካው በተዋቸው የመደገፊያው ቀዳዳዎች በኩል ከኋላ በብሎን እሰሩት፤ ብሎኖቹ ከዲስኩ መንገድ ይራቁ። ሌላ 6 ሚሊ ቁራጭ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ በሁለት ፊት በሚለጠፍ ፕላስተር ለጥፉ። ከዚያ በዜሮ ዲግሪ አንድ ቁርጥ ስታደርጉ ዲስኩ የራሱን መንገድ ይቀርጻል፣ ክሩም እስከ ጫፉ ተደግፎ ይቆያል። ሌላም ጥቅም አለው፦ የተቀረጸው መስመር ዲስኩ በትክክል የሚያልፍበትን ቦታ ያሳያችኋል። ምልክታችሁን ከዚያ መስመር ጋር ስታገናኙ የሌዘር መብራት አያስፈልጋችሁም።

ዲስኩ

ለ254 ሚሊ መጋዝ አዲስ ሲገዛ አብሮት የሚመጣው ዲስክ ብዙ ጊዜ ከ24 እስከ 40 ጥርስ ነው፤ ለግንባታ ሞራሌ ይበቃል። ለክፈፍና ለቤት ዕቃ ከ60 እስከ 80 ጥርስ ያለውን ግጠሙ፤ ለ305 ሚሊ ደግሞ ከ80 እስከ 96። ከጥርስ ብዛት ያልተናነሰ የሚያሳስበው የጥርሱ ዘንበል ማለት ነው። ለጠረጴዛ መጋዝ የተሠራ፣ ጥርሱ ወደ ፊት በጣም የዘነበለ ዲስክ እንጨቱን ወደ ራሱ ይስባል። ለማይተር ሶው፣ በተለይም ለሚንሸራተተው፣ ከ5 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 5 ዲግሪ ከዜሮ በላይ ያለው ይመረጣል። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ የዙር ብዛት ከማሽኑ መብለጡንም አረጋግጡ።

ጥርሱ ሲደነዝዝ ማሽኑ ይነግራችኋል፦ የተቆረጠው ፊት ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ ክንዱ መገፋት ይፈልጋል። ግን ከመቀየራችሁ በፊት ዲስኩን አውጥታችሁ እዩት፤ ብዙ ጊዜ የሚያቃጥለው ጥርሱ ላይ የተጋገረ የእንጨት ሙጫ ነው። ለብ ባለ ውኃና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና 15 ደቂቃ ዘፍዝፋችሁ በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉትና በደንብ አድርቁ።

ለማውጣት መጋዙን ከሶኬት ንቀሉ፣ ባትሪ ካለው ባትሪውን አውጡ። ዘንጉን የሚቆልፈውን ቁልፍ ተጭናችሁ ብሎኑን ስትፈቱ በብዙ ማሽኖች የብሎኑ ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፤ በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ይላላል። በጉልበት ከመታገል በፊት ይህን ፈትሹ። ዲስኩን የሚጨብጡትን ሁለቱን ሮንዴላዎች ጥረጉ፤ እዚያ ላይ የቀረች ጥቂት ሰጋቱራ ዲስኩን ታወላግደዋለች። የዲስኩ ቀስት ከማሽኑ ቀስት ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን። ገጥማችሁ ስትጨርሱ ሽፋኑን መልሳችሁ ዲስኩን በእጅ አንድ ሁለት ዙር አዙሩ፣ ምንም የሚነካ አለመኖሩን ስሙ፤ ከዚያ ሰክታችሁ ያለ እንጨት ለግማሽ ደቂቃ ያህል አስነሱት። ከቀድሞው የተለየ ንዝረት ካለ አጥፉና ሮንዴላዎቹን እንደገና እዩ። አዲስ ዲስክ ውፍረቱ ከአሮጌው ስለሚለይ በኤም ዲ ኤፉ መደገፊያ ላይ የተቀረጸው መስመር ከአሁን በኋላ አይሠራም፤ መደገፊያውን ጥቂት ወደ ጎን አንሸራትታችሁ አዲስ ቁርጥ አድርጉበት።